የአባት ምሰሶ ምስጥ ከበላው በኋላ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ከደምበጫ ወጣ ብላ ባለች የገጠር መንደር ያደገች፣ አሁን ባሕር ዳር የምትኖር እህት ጽፋለች። አባቷ በ1949 ዓ.ም. በደቦ ያቆሙት ክብ ቤት አለ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ክዳኑ መጀመሪያ ሣር፣ ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ቆርቆሮ። በ2009 ዓ.ም. ታላቅ ወንድሟ ወለሉን ሊሾ አስደረገው። ዛሬ የመካከሉ ምሰሶ ከሥሩ ተበልቶ ዱቄት ያፈሳል። ግንበኛው «ሥሩን በአርማታ ልጠቅልለው» ይላል። ወንድሟ «ነቅለን የአርማታ ኮለን እናቁም፤ እናታችን ጠበል በሄዱ ሰሞን እንጨርሰው» ይላል። እናት ደግሞ «እኔ ሳልወጣ እሱ አይወጣም» ብለዋል። እሷ የምትጠይቀው፦ «ምሰሶውን እወደዋለሁ፤ ቤቱንም እወደዋለሁ። ሁለቱን ማትረፍ ካልተቻለ እንዴት አድርጌ ልተወው?» ብላ ነው።

እህቴ፣ የላክሻቸውን ሦስት ፎቶዎች ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ። መልሴን ከመጀመሪያው ልንገርሽ፦ ምሰሶውን ልቀቁት። ወንድምሽ ባለው መንገድ ግን አይደለም፤ ግንበኛው ባለውም አይደለም፤ እናትሽ ሳያውቁ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

ይህን የምልሽ ቀሎኝ አይደለም። እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ፤ የተወለድኩት ክብ ቤት ውስጥ ነው። ቀንበሩና ጅራፉ ከበሩ ጀርባ ይቀመጣሉ፤ የአባቴ ዳዊት ግን በማኅደሩ ሆኖ የሚንጠለጠለው ምሰሶው ላይ ነበር። ሕፃን እያለን ሌላውን ሁሉ እንነካለን፤ ወደዚያ ቀና ብለን ከማየት በቀር እጃችን አይደርስም ነበር። አባወራ ሲሞት «የቤቱ ምሰሶ ወደቀ» እየተባለ የሚለቀሰው በከንቱ አይደለም። እናትሽ «እኔ ሳልወጣ እሱ አይወጣም» ሲሉ ስለ እንጨት ብቻ አልተናገሩም፤ ይህ የማይገባው ባለሙያ ቤታችሁን ባይነካው ይሻላል።

አሁን ወደ እንጨቱ እንምጣ። 60 ዓመት ሙሉ ቀጥ ብሎ የኖረ ምሰሶ በእነዚህ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለምን ተበላ? ከሁሉ በፊት መመለስ ያለበት ይህ ነው። የገደለው ነገር እዚያው እስካለ ድረስ የሚተከለውንም ይገድለዋል። ስንቱ ቤት የተበላውን አውጥቶ አዲስ ተክሎ፣ በአምስት በስድስት ዓመቱ ያንኑ ምሰሶ እንደገና ሲያወጣ አይቻለሁ።

ዕድሜው አልገደለውም። አባትሽ የተከሉት ጥድ እንደሆነ ጽፈሻል፤ በሁለተኛው ፎቶ የሚታየው ቀላ ያለው ልቡም ይህንኑ ይመሰክራል። የሐበሻ ጥድ ልቡ ምስጥም ሆነ መበስበስ ቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው፤ ወይራም እንዲሁ። ዳር ዳሩ ያለው ነጩ ግን የየትኛውም ዛፍ ቢሆን ይበላል። ዝግባን ብትወስጂ ለመላግ ይመቻል፣ መልኩም ያምራል፣ አፈር ውስጥ ግን አይበረክትም። አባትሽ ዝግባ ትተው ጥድ መምረጣቸው የሚያደርጉትን የሚያውቁ ሰው እንደነበሩ ያሳያል። ጥሩ እንጨት ነበር፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ነው።

አንደኛ፣ እሳቱ ወጣ። ድሮ ምድጃው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር። ጭሱ ሌት ተቀን ምሰሶውንና ክዳኑን የሚይዙትን ወራጆች እያጠነ ያደርቃቸው ነበር፤ ጥቀርሻው ደግሞ ተባይ እንዳይደፍራቸው ያለብሳቸዋል። በኋላ ማድ ቤቱ ወደ ውጭ ወጣ። መውጣቱ ትክክል ነው፤ የእናቶቻችንን ዓይንና ሳንባ ያቃጠለ ጭስ ለእንጨት ሲባል አይመለስም። ነገር ግን ጭሱ ሲሄድ የምሰሶው ጠባቂ አብሮ እንደሄደ ማንም ልብ አላለም።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮው መጣ። ክብ ቤት ላይ ቆርቆሮ ለመምታት ቅጠሉ እንደ ማጭድ ስለት እየጠበበ ወደ ጫፍ መቆረጥ አለበት፤ ቁርጥራጩ ሁሉ የሚገናኘው ጉልላቱ ላይ ነው። እዚያ ትንሽ ክፍተት ካለ ውሃው ሌላ መሄጃ የለውም፤ በምሰሶው አናት ገብቶ በደም ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። ሦስተኛውን ፎቶ አጉልተሽ እዪው፤ ጥቁሩ ጥቀርሻ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ነጣ ያለ መስመር አለ። እሱ የውሃ ዱካ ነው። ስንት ክረምት እንደወረደ እግዚአብሔር ይወቅ።

ሦስተኛውና ዋናው ሊሾው ነው። ወንድምሽ ክፉ አልሠራም፤ እናቱ ከአቧራና ከቁንጫ እንዲያርፉ ብሎ ነው። የመሬቱ ነገር ግን እንዲህ ነው። በእበት የተለቀለቀ አፈር ወለል ከታች የሚመጣውን እርጥበት በየቦታው እያስተነፈሰ ይለቅቀዋል። ሲሚንቶ ሲደረግበት ትንፋሹ ይታፈናል፤ እርጥበቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ሁለት ብቻ ይቀረዋል፦ የግድግዳው ሥርና የምሰሶው ሥር። እንጨት የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚኖረው በእንጨቱ ውስጥ ያለው እርጥበት ከ20 በመቶ በላይ ሲሆንና አየር ሲያገኝ ነው። ጥልቅ አፈር ውስጥ አየር ያጥረዋል፣ ከፍ ያለው ላይ ደግሞ ውሃ ያጥረዋል፤ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያገኘው ልክ ወለሉ አፍ ላይ ነው። አጥር ቋሚ ሁልጊዜ አፈሩ አፍ ላይ ሲቆረጥ ያየሽው ለዚህ ነው። ምስጡ ደግሞ ደረቅ አየርና ብርሃን አይችልም፤ ጨለማና እርጥብ አፈር ይፈልጋል። ከሊሾው በታች ያለው አፈር ለእሱ እልፍኝ ሆነለት። እንጨቱ ሲደርቅ ከሲሚንቶው ፈቀቅ ብሎ በዙሪያው የተወው ክፍተት፣ ጥፍር የማታስገባው ያቺ ስንጥቅ፣ በሩ ናት። አፈር ወለል ቢሆን እናትሽ በየሳምንቱ ሲለቀልቁ የምስጡን መንገድ ያዩትና ያፈርሱት ነበር።

እንግዲህ ይህን ካወቅን ምሰሶውን ማትረፍ አይቻልም ወይ? ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ መጀመሪያ የፈለግሁትም እሱን ነው። የተበላው እግሩ ብቻ ከሆነ፣ ቤቱን ደግፎ እግሩን መቁረጥና ጤነኛውን አካል ድንጋይ ላይ ማቆም አለ። ባዶነት ብቻውን አያስፈራኝም፤ የእንጅባራ ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይሸከም የለም? የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ አናቱስ? ወራጆቹ ተሰብስበው የሚያርፉበት ጫፍ ጤነኛ ነው ወይ?

ፎቶው የሚለው አይደለም ነው። ምስጡ አፈር ለውሶ የሠራው መንገድ ከወለሉ ተነሥቶ በምሰሶው ጀርባ በኩል እስከ ወራጆቹ ደርሷል። አንዱ ወራጅ ተንሸራቶ በሽቦ ታስሯል። በሽቦ ያሰረው ሰው እጁ ይባረክ፣ ቤቱን ያቆየው እሱ ነው፤ ግን ያ ሽቦ የሚናገረው የምሰሶው አናት መያዝ እንደተሳነው ነው። እግሩ የተበላ ምሰሶ ይታከማል፤ እግሩም አናቱም የተበላ ግን መሸከሙን ትቷል። እንዲያውም አሁን ሥራው ተገልብጧል፤ ምስጡን ወደ ጣሪያው የሚያወጣው መሰላል እሱ ሆኗል። ዛሬ እሱን ካቆየነው ነገ የሚበሉት ወራጆቹ ናቸው፤ ያኔ ምሰሶውም ቤቱም ይሄዳል።

ፎቶ ግን ይሸውዳልና በእጃችሁ አረጋግጡ። ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የእናትሽ የስፌት ወስፌ ይበቃል። ወለሉ አፍ ላይ፣ ጉልበት ላይ፣ ወገብ ላይ፣ ደረት ላይ፣ ከዚያም በመሰላል ወጥታችሁ አናቱ ላይ በአራቱም አቅጣጫ ተጫኑት። ጤነኛ የጥድ ልብ ወስፌን አያስገባም፤ ጫፉ ትንሽ ነክሶ ይቆማል። ከአንድ ጣት በላይ ከገባ ያ ቦታ አልቋል። ከዚያ በቀጭን መሰርሰሪያ አግድም ብሱትና የሚወጣውን እዩ፤ ቀይ፣ ደረቅ፣ ጥድ ጥድ የሚሸት ፍቅፋቂ ከሆነ መልካም፤ አፈር የተቀላቀለበት ቡናማ ዱቄት ከሆነ የምስጥ ነው። አናቱ ላይ ቀይ ፍቅፋቂ ካገኛችሁ ይህን መልሴን ተዉትና እግሩን ብቻ ቀይሩ። እኔን ወስፌው ቢያስተባብለኝ ደስታዬ ነው።

የግንበኛውን ሐሳብ በጥብቅ የምቃወመው እኔ ራሴ ስለሠራሁት ነው። ከዓመታት በፊት ሞጣ አካባቢ አንድ ቤት ልጠግን ሄጄ፣ እግሩ የተበላ ምሰሶ አገኘሁ። ባለቤቶቹ እንዳይነቀል ለመኑኝ። እኔም ዙሪያውን ቆፍሬ፣ ፌሮ አስሬ፣ እስከ ጉልበት ድረስ አርማታ ሞላሁበት። በጊዜው ያማረ ሥራ መስሎኝ ነበር፤ እነሱም መረቁኝ። ከስድስት ክረምት በኋላ ተጠርቼ ስሄድ አርማታው እንደ ጋን ቆሟል፣ ውስጡ ያለው እንጨት ግን በማንኪያ ይወጣል። ከላይ በእንጨቱ እየወረደ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ እዚያው ተኝቶ ኖሯል፤ ምስጡም ማንም በማያየው መንገድ ሽቅብ ወጥቷል። ያን ቤት በድጋፍ ደርሰንበት ሰው አልተጎዳም፤ ነገር ግን እውነቱን ነግሬያቸው ቢሆን ኖሮ ምሰሷቸውን በክብር ይለቁት ነበር፤ እኔ ለስድስት ዓመት የሐሰት ተስፋ ሰጠኋቸው። ስለዚህ ግንበኛው ቅን ሰው ቢሆንም እሺ አትበሉት። የተቃጠለ ዘይት ቅቡት የሚልም አይጠፋም፤ ዘይቱ ላዩን እንጂ ውስጡን አይደርስበትም፣ እህል በሚቀመጥበት ቤት ውስጥም ጥሩ ነገር አይደለም።

ወንድምሽ ያሰበውን የአርማታ ኮለን ደግሞ እናስላው። የምሰሶው ዙሪያ አንድ ሜትር ሊሞላ ጥቂት እንደሚቀረው ጽፈሻል፤ ውፍረቱ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው ማለት ነው። ከፍታው 4 ሜትር ከ30 ቢሆን፣ በዚህ ልክ የተሞላ አርማታ ከ7 ኩንታል በላይ ይመዝናል። 6 ሜትር ስፋት ያለው የቤታችሁ የቆርቆሮ ክዳን ቢሰበሰብ ግን ከ2 ኩንታል አይዘልም። ወራጁና ማገሩ ሲጨመር ይበዛል፤ ያም ሆኖ ግድግዳው ይካፈለዋል። የ2 ኩንታል ክዳን ለመያዝ የ7 ኩንታል ኮለን ማቆም፣ ለዚያ ደግሞ በ60 ዓመት ጭቃ ግድግዳ መካከል ትልቅ መሠረት መቆፈር ምን ይባላል? መሬታችሁ ቀይ አፈር በመሆኑ ይሸከመዋል፤ ቢቸና ወይም ደጀን በኩል ጥቁሩ ዋልካ አፈር ላይ ቢሆን ክረምት ሲያብጥ በጋ ሲሰነጠቅ ኮለኑን ከጣሪያው ጋር ያናውጠው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ አናጺዎች የሚስቱት ነገር አለ። ምሰሶው ሣር ክዳን በነበረ ጊዜ የሚሠራው ሥራና አሁን የሚሠራው አንድ አይደለም። ዝናብ የጠጣ ሣር ከቆርቆሮ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ያኔ ምሰሶው ሸክም ተሸካሚ ነበር። ቆርቆሮው ሲመጣ ሸክሙ ቀለለ፤ ጠላቱ ነፋስ ሆነ። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚነሣው አውሎ ከሥር ገብቶ ክዳኑን ወደ ላይ ይገነጥለዋል። ያን ጊዜ ምሰሶው የሚያስፈልገው ወራጆቹን ጨብጦ ወደ መሬት እንዲይዝ ነው፤ ድንኳን እንደሚይዝ ካስማ ማለት ነው። ስለዚህ ምሰሶ ሲቀየር ዋናው ነገር ውፍረቱ ሳይሆን እስሩ ነው፤ ከላይ ከወራጆቹ ጋር፣ ከታች ከመሠረቱ ጋር።

ጨርሶ ያለ ምሰሶስ ይቆማል? ይቆማል። የመሶብ ክዳን አስቢ፤ ሾጣጣ ሆኖ በመካከሉ ምንም ሳይኖር የሚቆመው ከንፈሩ ጠብቆ ስለተሰፋ ነው። ከንፈሩን ብትተረትሪው ይዘረጋና ይተኛል። ክብ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ወራጆቹ ጫፍ ላይ ተደጋግፈው የግድግዳውን አናት ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ የግድግዳው አናት እንደ መሶብ ከንፈር ዙሪያውን ከታሰረ አይከፈትም። ክብ ጣሪያን ከምሰሶ ውጭ በሌላ ነገር መያዝ ለአገራችን ሠሪዎች አዲስ አልነበረም፤ ዘጌ ሄደሽ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ብታዪ መካከሉን የያዘው አንድ ምሰሶ ሳይሆን አራት ማዕዘኑ መቅደስ ነው። እናንተ ምሰሶ ተከላችሁም አልተከላችሁም ይህ ቀለበት ያስፈልጋችኋል፤ አሁን ያለው የልጥ እስር አርጅቷል። ባለ 10 ፌሮ ሁለት ዙር፣ ዝገት መከላከያ ተቀብቶ፣ ከግድግዳው አናት ላይ ከእያንዳንዱ ቋሚ ጋር በሽቦ ይታሰር፤ ጫፍና ጫፉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይደራረብ። ይህ ሥራ ከሁሉ ይቀድማል። ቀለበቱ ሳይገባ ምሰሶውን የሚነካ አናጺ ከመጣ መልሱት።

ስለዚህ በቴክኒኩ ብቻ ከሄድን ቀለበቱን አስረን መካከሉን ባዶ ማድረግ እንችላለን፤ ክፍሉም ይሰፋል፣ ወንድምሽ ለእናትሽ ያሰበውን መኝታ መከለልም ይቀላል። እኔ ግን አዲስ የእንጨት ምሰሶ እዚያው ቦታ ይተከል እላለሁ። ምክንያቴ ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ቀላል ነገር ጽፈሽ ያለፍሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «ዓይናቸው ደክሟል፤ ሌሊት ሲነሡ ምሰሶውን ይዘው ነው የሚዞሩት።» እህቴ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 60 ዓመት በጨለማ እየዳሰሱ በር ያገኙበትን ነገር አንሥተሽ ባዶ ቦታ ብታደርጊላቸው፣ አንድ ሌሊት እጃቸውን ዘርግተው ምንም አያገኙም። የእንጨቱን መጥፋት በቀን ያለቅሱታል፤ የቦታውን መጥፋት ግን ሌሊት ወድቀው ነው የሚያውቁት። እንጨቱን ልቀቁ፣ ቦታውን አትልቀቁ።

አዲሱ ከየት ይምጣ? የአገር በቀል ዛፍ እንደ ድሮው ሄዶ መቁረጥ የለም፤ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ምርጡ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ጥድ ወይም ወይራ ነው፤ በየከተማው የድሮ ቤት ሲፈርስ እንጨቱ ይሸጣል፣ ብዙ ጊዜ ለማገዶ። በወስፌ ፈትናችሁ ግዙት። ያ ካልተገኘ ከጓሯችሁ ያለ ያረጀ ባሕር ዛፍ ይሆናል፤ ግን ልጡ ተልጦ ጥላ ውስጥ ቆሞ ቢያንስ አንድ በጋ ይድረቅ፤ በጥድፊያ የደረቀ ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። አዊ ውስጥ በብዛት የተተከለውን ዲከረንስ የሚባል ዛፍ የሚያቀርብላችሁ ካለ አትቀበሉ፤ ለከሰል ተብሎ ለጋ ሆኖ የሚቆረጥ ነው፣ ምሰሶ የሚሆን ልብ አይኖረውም። ውፍረቱ 20 ሴንቲ ሜትር በቂ ነው፤ የድሮውን ያህል ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ።

እግሩ አፈር አይንካ፤ ከዚህ ሁሉ አንዱን ብቻ ማድረግ ብትችሉ ይህን አድርጉ። የድሮው ምሰሶ የነበረበትን ጉድጓድ የምስጡን አፈር ጨርሳችሁ አውጡ፤ ጠንካራ መሬት እስክታገኙ ቆፍሩ፤ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በጥቁር ድንጋይና በሲሚንቶ ገንቡት። ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተጠረበ ድንጋይ ይቀመጥበት። ከድንጋዩ መካከል ባለ 16 ፌሮ ወጥቶ የምሰሶው እግር ውስጥ ይግባ፤ በሁለት ጎን ደግሞ ከመሠረቱ የወጣ ጠፍጣፋ ብረት ምሰሶውን በቡሎን ይጨብጠው፤ ነፋሱን የሚይዘው እሱ ነው። በድንጋዩና በእንጨቱ መካከል ላሜራ ይግባ፤ ጠርዙ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ወጣ ብሎ ወደ ታች ይታጠፍ። ለእናትሽ እግር ስለት እንዳይሆን ጠርዙን አጥፋችሁ አደንዝዙት። ይህ ላሜራ ምስጥ አይገድልም። የሚያደርገው ምስጡ ወደ እንጨቱ ለመድረስ በውጭ በኩል፣ በሚታይ ቦታ መንገድ እንዲሠራ ማስገደድ ነው፤ ያን ጊዜ የሚጠርግ ሰው ያየዋል። በዙሪያው ያለው ሊሾም ግማሽ ሜትር ያህል ተቆርጦ ይውጣና ጠጠር ይሞላበት፣ መሬቱ ይተንፍስ። በዚያው ጉልላቱ ይከፈትና ቆቡ በአዲስ ቆርቆሮ ሰፋ ተደርጎ ይሠራ። ውጪውንም እዩ፤ አፈሩ ከዓመት ዓመት ተጠራቅሞ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ከሆነ ዝቅ ተደርጎ ጠብታው በቦይ ይሂድ።

ግድግዳውን በሲሚንቶ እንለስነው ብላችኋል። አታድርጉት። ሊሾው በምሰሶው ላይ ያደረገውን ልስኑ በወጋግራዎቹ ላይ ይደግመዋል። ጭድ የበላ ጭቃ፣ ከፈለጋችሁ በላዩ ኖራ።

ጊዜው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ይሁን፤ መሬቱ ጠንክሮ፣ አውሎው ሳይመጣ። መጀመሪያ አራት ድጋፍ፣ ፑንቴሎ ካለ ፑንቴሎ፣ ከሌለ ወፍራም ባሕር ዛፍ፣ ከምሰሶው አንድ ሜትር ርቆ በአራት አቅጣጫ ይቁም። ከላይ ወራጆቹን የሚይዝ አግዳሚ ይግባ፣ ከታች ሰፊ ጣውላ ይነጠፍ። ከዚያ በሁለት የመኪና ክሪክ ቀስ ብሎ ይነሣ፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ በሽብልቅ ይጥበቅ። ወራጆቹ ምሰሶውን መልቀቃቸው በዓይን ሲታይ ብቻ መጋዝ ይገባል፤ ከላይ ወደ ታች፣ በቁራጭ በቁራጭ። በገመድ ጎትቶ መጣል የለም። በዚያን ቀን ቤት ውስጥ ሕፃን አይግባ። ይህን ሥራ የምጽፍልሽ አካሄዱን እንድታውቂው ነው፤ ቆሞ የሚያሠራ በአካል ያየ ባለሙያ ይኑር። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ቢሆን ኖሮ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ሳይፈቀድ ምንም አይነካም ነበር፤ የእናንተ የግል መኖሪያ ስለሆነ ግን ዳኛዋ እናትሽ ናቸው።

ስለ እሳቸው እንነጋገር። ጠበል በሄዱበት ነቅሎ መጨረስን ወንድምሽ ያሰበው ለቅሶአቸውን ላለማየት ይመስለኛል። ግን አስቢው፤ እሳቸው ተፈውሼ ልግባ ብለው ሄደው፣ ተመልሰው ደጃቸውን ሲከፍቱ የባላቸው ምሰሶ የለም። ከዚያ በኋላ ያ ቤት የእሳቸው አይሆንም፤ የልጆቻቸው ይሆናል። እኔ ብሆን ወስፌውን በእጃቸው ነበር የማስይዛቸው። ዕድሜ ልካቸውን አክርማና ስንደዶ የወጉ እጅ ናቸው፤ የወስፌን ነገር ካንቺም ከኔም በላይ ያውቃሉ። ራሳቸው ይጫኑት። ሲገባ በእጃቸው ይሰማቸዋል። ምንም አትናገሪ፤ የዚያን ቀን መልስም አትጠይቂ። እኔ ያየኋቸው አረጋውያን ተሸውደው ካልሆነ በቀር እውነቱን ለመቀበል ከልጆቻቸው ይፈጥናሉ፤ ቤት የሠሩት እነሱ ናቸውና እንጨት እንደሚያልቅ ያውቃሉ። ተከላውን ጎረቤት ጠርታችሁ፣ እንደ መጀመሪያው፣ በጠላና በምርቃት አድርጉት። የሚቆምበትን ሰዓት እሳቸው ይበሉ።

ከአሮጌው የሚተርፍ ካለ፣ ከወገብ በላይ አንድ ሜትር ያህል ጤነኛ ልብ የሚገኝ ይመስለኛል፤ የተበላው ሁሉ ተጠርቦ፣ ለብዙ ቀን ፀሐይ መትቶት፣ በቦራክስና በቦሪክ አሲድ ውሃ ይነከር። አፈርና ዝናብ እስካልነካው ድረስ ይጠብቀዋል። ከዚያ ለአባትሽ ዳዊት አትሮንስ ይሠራበት፤ ዳዊት ተሸክሞ የኖረ እንጨት ነው። የተበላውን ክፍል ግን ለመታሰቢያ ብላችሁ ጓዳ አታስቀምጡ፤ የዚያኑ ቀን ይቃጠል። አንድ ዘመድሽ የአሮጌውን ቅርፊት አዲሱ ላይ ሸፍነን እንለጥፈው ማለቱን ጽፈሻል። እባክሽ አይሆንም። ምስጡን ወደ ጤነኛው ታጋቢበታለሽ፤ እናትሽም ገና ሲዳስሱት ያውቁታል።

ምሰሶው ላይ ያሉት የቀንድ ማንጠልጠያዎች ግን የአባትሽ ሥራ ናቸውና ወደ አዲሱ ይዛወሩ፤ ቀንድ ምስጥ አይበላውም። በፎቶው አምስት ቆጥሬያለሁ። ድጋፉ ከመቆሙ በፊት፣ ቤቱ በዕቃ ሳይሞላ፣ የእያንዳንዱን ከፍታ ከወለሉ ለክተሽ ጻፊ፤ የትኛው ወደ በሩ፣ የትኛው ወደ መደቡ፣ የትኛው ወደ ጓዳው እንደሚያይም ምልክት አድርጊ። ድንጋዩ እግሩን 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚያነሣው አናጺው ከእንጨቱ ጫፍ ለክቶ እንዳይሳሳት፤ የሚለካው ከወለሉ ነው። የዳዊቱ ማንጠልጠያ ከሁሉ በላይ ናት፤ ሁለተኛዋ ግን፣ ወደ በሩ የምታየውና በእጅ ብዛት ያበራችው፣ እናትሽ ሌሊት የሚይዟት እሷ ሳትሆን አትቀርም። እሷን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት እናትሽን አቁሚያቸውና እጃቸው የት እንደሚያርፍ እዪ።